ላስ ቬጋስ ልጅ ያላችሁ፣ ስለ ቪዲዮ ፖከር ላጫውታችሁ

ልጆቻችን አሜሪካ ከገቡ ወዲህ ብዙዎቻችን በስተርጅና ያላሰብነውን ዓለም አይተናል። በተለይ ላስ ቬጋስን። እዚያ የአገራችን ሰው ብዙ ነው። ታክሲ የሚነዳው፣ ሆቴል ውስጥ አልጋ የሚያነጥፈው፣ ካዚኖ ውስጥ ካርታ የሚያድለው፣ ምግብ ቤት የከፈተው ተቆጥሮ አያልቅም። የክላርክ ካውንቲ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2023 አንዱን አካባቢ «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ እስከ መሰየም ደርሷል። ስለዚህ ቪዛ ሲሳካ አራስ ለመጠየቅ፣ የልጅ ልጅ ለመጠበቅ ወይም ናፍቆት ለመወጣት ወደዚያች ከተማ የሚሻገር አያት ጥቂት አይደለም።

እኔም ልጄን ለመጠየቅ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። የገረመኝ የትልልቆቹ ሆቴሎች መብራት አልነበረም፤ እሱን በቴሌቪዥን አይተነዋል። የገረመኝ የቁማር ማሽኑ የማይገባበት ቦታ አለመኖሩ ነው። ገና ከአውሮፕላን ስትወርዱ ኤርፖርቱ ውስጥ ተደርድሮ ይጠብቃችኋል። ሽንኩርትና ዳቦ ልትገዙ ሱፐርማርኬት ስትገቡ በሩ አጠገብ አለ። ነዳጅ ማደያው ውስጥም አለ። ከፊቱ የሚቀመጡት ደግሞ በፊልም እንደምናየው ኮት የለበሱ ሀብታሞች አይደሉም፤ ነጠላ ጫማ ያደረጉ፣ የገበያ ከረጢታቸውን እግራቸው ሥር ያስቀመጡ የእኔና የእናንተ እኩዮች ናቸው።

ጡረታ የወጣሁ ነርስ መሆኔን የሚያውቁ የአገር ሰዎች፣ በቡና ላይ እየተጫወትን አንድ ነገር ደጋግመው ይነግሩኝ ነበር። «ሲስተር፣ ይኼ ቪዲዮ ፖከር የሚባለው እኮ እንደ ሌላው ቁማር አይደለም፤ ጭንቅላት ይፈልጋል። እንደ ኮንከር ነው፣ የሚችል ያሸንፋል» ይሉኛል። የልጄ ባል ካዚኖ ውስጥ ካርታ አዳይ ስለሆነ አስቀምጬ ጠየቅሁት፤ እሱ የነገረኝን ይዤም መጻሕፍት አገላበጥኩ። አባባሉ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ቤት ያፈርሳል። ዛሬ ሁለቱን ግማሾች ልለያይላችሁ ነው የመጣሁት።

ይህን ስል ተጫወቱ ማለቴ አይደለም። የማይጫወት ሰው የሚያጣው ነገር የለም። ነገር ግን ለሚጠጣ ሰው «ተው» ብቻ ብሎ ማሰናበት ነርስነት አይደለም፤ «በባዶ ሆድህ አትጠጣ፣ ጠጥተህ አትንዳ» ማለትም ሥራችን ነው። መቀመጡ ካልቀረ አውቆ መቀመጥ ይሻላል።

ማሽኑ ምን ያደርጋል?

ቪዲዮ ፖከር የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ሳይ ሬድ በተባለ የማሽን ነጋዴ አማካይነት ነው። እሱ ያቋቋመው ኩባንያ በኋላ አይጂቲ ተብሎ በዓለም ከታወቁት የቁማር ማሽን አምራቾች አንዱ ሆነ። አጨዋወቱ ቀላል ነው። ስክሪኑ ላይ አምስት ካርታዎች ይወጣሉ። የምትፈልጓቸውን «ሆልድ» የሚለውን ቁልፍ ተጭናችሁ ትይዛላችሁ፤ የቀሩትን ማሽኑ ይለውጥላችኋል። ከዚያ ያላችሁትን አይቶ ይከፍላል ወይም አይከፍልም። ሌላ ተጫዋች የለም፤ ፊት ማንበብ፣ ማስፈራራት፣ ማታለል የለም። እናንተና ሰንጠረዡ ብቻ ናችሁ።

«ጃክስ ኦር ቤተር» በሚባለው በጣም የተለመደ ዓይነት፣ ዝቅተኛው የሚከፈልበት ነገር የጃክ፣ የኩዊን፣ የኪንግ ወይም የአስ ጥንድ ነው። እነዚህን አራቱን ከዚህ በታች «ትልልቅ ካርታ» እላቸዋለሁ። ከጥንዱ በላይ ሁለት ጥንድ፣ ሦስት ተመሳሳይ፣ አምስት ተከታታይ፣ አምስቱም አንድ ምልክት (ፍላሽ)፣ ሦስት ተመሳሳይ ከአንድ ጥንድ ጋር (ፉል ሃውስ)፣ አራት ተመሳሳይ፣ በአንድ ምልክት የሆነ ተከታታይ እያለ ይወጣል። በመጨረሻ ቁንጮዋ አለች፤ በአንድ ምልክት ከአሥር እስከ አስ የተደረደረችው ሮያል ፍላሽ።

ከሌላው የካዚኖ ማሽን የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በኔቫዳ የቁማር ሕግ መሠረት ማሽን የካርታ ጨዋታ ካሳየ፣ እያንዳንዷ ካርታ የምትወጣበት ዕድል ከእውነተኛ 52 ካርታ ጋር እኩል መሆን አለበት። ከ52 ካርታ አምስት አምስት ሲወጣ 2,598,960 ዓይነት አወጣጥ አለ። ይህ የሚታወቅ ስለሆነ የሒሳብ ሰዎች ቁጭ ብለው እያንዳንዱን አስልተውታል። በፍራፍሬና በደወል ምስል የሚሽከረከረው ማሽን ግን ውስጡ ምን እንደሆነ ከውጭ ማወቅ አይቻልም። «ጭንቅላት ይፈልጋል» የሚሉት ሰዎች እውነት ያገኙት እዚህ ላይ ነው፤ ቪዲዮ ፖከር ዋጋውን ግንባሩ ላይ ለጥፎ የሚቆም ማሽን ነው። ማንበብ ለሚችል ሰው።

ሰንጠረዡ እንዴት ይነበባል?

መድኃኒት ከመስጠታችን በፊት ብልቃጡ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ እንድናነብ ተምረናል፤ ከመደርደሪያ ስናነሳ፣ ስንቀዳ፣ ስንመልስ። ሁለት ብልቃጦች መልካቸው አንድ ሆኖ ጥንካሬያቸው ሊለያይ ይችላል። ቪዲዮ ፖከርም እንዲሁ ነው። ጎን ለጎን የቆሙ፣ ስማቸውም ቀለማቸውም አንድ የሆነ ሁለት ማሽኖች የተለያየ ክፍያ ሊኖራቸው ይችላል።

ልዩነቱ ብዙውን ጊዜ ሁለት መስመር ላይ ይደበቃል፤ ፉል ሃውስ እና ፍላሽ ላይ። በአንድ ሳንቲም መደብ ፉል ሃውስ 9፣ ፍላሽ 6 የሚከፍለው «ዘጠኝ ስድስት» ይባላል። ያለ ስህተት ለሚጫወት ሰው ከእያንዳንዱ 100 ዶላር መደብ በረዥም ጊዜ 99 ዶላር ከ54 ሳንቲም ይመልሳል። 8 እና 5 ከሆነ ወደ 97.30 ይወርዳል፤ 7 እና 5 ከሆነ 96.15፤ 6 እና 5 ከሆነ ደግሞ 95 ዶላር ብቻ ነው። ሌላው መስመር ሁሉ ሳይለወጥ፣ ሁለት ቁጥሮች በመቀነሳቸው ብቻ የማሽኑ ድርሻ ከአሥር እጥፍ በላይ ያድጋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ብልሃት ካርታ ሳይነኩ የሚሠራ ነው። መነጽራችሁን አድርጉ፤ ፉል ሃውስና ፍላሽ ፊት ለፊት ያሉትን ቁጥሮች አንብቡ። ካልወደዳችሁት ተነሡ። መነሣት በነፃ ነው።

የጠብታው ስሌት

«አምስት በመቶ ምን አላት?» የሚል ይኖራል። ግሉኮስ የሰቀለ ነርስ ግን ጠብታን አይንቅም። ጥያቄው ጠብታዋ ምን ያህል ናት ብቻ ሳይሆን በደቂቃ ስንት ጊዜ ትወርዳለች የሚለው ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። ተጫዋቹ የ25 ሳንቲም ማሽን ላይ ተቀምጧል፤ በአንድ ጊዜ አምስት ሳንቲም ይመድባል። አንዱ ጨዋታ 1 ዶላር ከ25 ሆነ ማለት ነው። እጁ የለመደ ሰው በሰዓት 500 ጊዜ ይጫወታል፤ የሚፈጥንም አለ። 500 በ1.25 ሲባዛ 625 ዶላር ነው። ኪሱ ውስጥ 60 ዶላር ብቻ ይዞ የገባ ሰው፣ የሚመለስለትን እንደገና እያስገባ በአንድ ሰዓት 625 ዶላር ያንቀሳቅሳል።

አሁን የማሽኑን ድርሻ እናውጣ። በዘጠኝ ስድስት ማሽን በሰዓት በአማካይ 3 ዶላር አይሞላም። በስምንት አምስት ወደ 17 ዶላር ነው። በሰባት አምስት 24፤ በስድስት አምስት 31 ዶላር ገደማ። ይህ ሁሉ ደግሞ አንድም ስህተት ለማይሠራ ሰው ነው። የሚሳሳት ሰው ከዚህ በላይ ይከፍላል።

ካዚኖው የአባልነት ካርድ ሰጥቶ በነጥብ ነፃ ምግብ ሲያበላም ይህን ስሌት አትርሱ። ስድስት ሰዓት በስድስት አምስት ማሽን ላይ ተቀምጦ የተገኘ «ነፃ» ምሳ በአማካይ 187 ዶላር ያወጣ ምሳ ነው። በዚህ ዋጋ ሙሉ ማኅበር ይደገሳል።

ጠብታውን ለማዘግየት ሦስት መንገድ አለ። አንደኛ የተሻለ ሰንጠረዥ መምረጥ። ሁለተኛ መደቡን ማሳነስ። ሦስተኛ እጅን ማዘግየት። በሰዓት 500 የሚጫወተው 300 ቢጫወት ኪሳራው በዚያው ልክ ይቀንሳል። በአንድ ጊዜ ሦስት፣ አሥር፣ መቶ ረድፍ ካርታ የሚያወጡትን ማሽኖች ራቁ፤ እነሱ የግሉኮሱን ማስተካከያ እስከ መጨረሻው መክፈት ናቸው።

ምን ይያዝ፣ ምን ይጣል?

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላል ያገራችን ሰው። ቪዲዮ ፖከር ላይ ዕውቀት ማለት መልቀቅን ማወቅ ነው። ለዘጠኝ ስድስት ጃክስ ኦር ቤተር የሚሆን ቀለል ያለ ቅደም ተከተል እነሆ። ከላይ ወደ ታች አንብባችሁ መጀመሪያ ያገኛችሁትን ያዙ፤ ሌላውን ጣሉ።

1. አራት ተመሳሳይ፣ በአንድ ምልክት የሆነ ተከታታይ ወይም ሮያል ፍላሽ ከወጣ ያዙ።
2. ለሮያል ፍላሽ አንድ ካርታ ብቻ ሲቀር አራቱን ያዙ።
3. ሦስት ተመሳሳይ፣ ተከታታይ፣ ፍላሽ፣ ፉል ሃውስ።
4. በአንድ ምልክት ለሆነ ተከታታይ አንድ ካርታ ሲቀር አራቱን።
5. ሁለት ጥንድ።
6. የትልልቅ ካርታ ጥንድ።
7. የሮያል ፍላሽ ሦስት ካርታ።
8. ለፍላሽ አንድ ሲቀር አራቱን።
9. የትንንሽ ካርታ ጥንድ።
10. በሁለቱም ጫፍ ክፍት የሆነ አራት ተከታታይ።
11. በአንድ ምልክት የሆኑ ሁለት ትልልቅ ካርታ።
12. በአንድ ምልክት ለሆነ ተከታታይ ሁለት ሲቀር ሦስቱን።
13. ምልክታቸው የተለያየ ሁለት ትልልቅ ካርታ፤ ከሁለት በላይ ከሆኑ ዝቅ ያሉትን ሁለቱን።
14. አሥር ከጃክ፣ ከኩዊን ወይም ከኪንግ ጋር በአንድ ምልክት ከሆነ።
15. አንድ ትልቅ ካርታ።
16. ከእነዚህ አንዱም ከሌለ አምስቱንም ጣሉ።

ምክንያቱን በምሳሌ ላሳያችሁ። ሁለት ስምንትና አንድ አስ ወጣላችሁ እንበል። ብዙ ሰው አሷን ይይዛል፤ ታምራለቻ! የስምንት ጥንድ ግን ለአንድ ዶላር መደብ በአማካይ 82 ሳንቲም ገደማ ይመልሳል፤ አስ ለብቻዋ 47 ሳንቲም ገደማ። «ሁለቱንም ልያዝ» ማለትም አያዋጣም። አሷን ከጥንዱ ጋር መያዝ ሦስት ካርታ መለወጥ ሲገባችሁ ሁለት ብቻ ያስለውጣችኋል፤ ሦስተኛዋን ስምንት የማግኘት ዕድላችሁ ይጠብባል።

ሌላ ምሳሌ። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት አላችሁ። አምስት ካርታ አይታችሁ ያልወጡት 47 ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ አራቱ አራቶችና አራቱ ዘጠኞች ያዋጧችኋል፤ ከ47 ስምንት ማለት ነው። መሐል ላይ ከጎደለ ግን፣ ለምሳሌ አምስት፣ ስድስት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ ከሆነ፣ የሚያዋጣችሁ ሰባት ብቻ ነው፤ ከ47 አራት። ዕድሉ በግማሽ ወረደ። እንዲህ ያለውን ከመያዝ አምስቱንም መጣል ይሻላል።

ሦስተኛው ልብ የሚፈትን ነው። ፍላሽ ሠርቷል፤ ስድስት ይከፍላችኋል። ነገር ግን ከአምስቱ አራቱ የሮያል ናቸው፤ አንድ ብቻ ቀርታለች። ሒሳቡ «ፍላሹን አፍርስ» ይላል። ስድስቱን ትታችሁ በአማካይ ከ18 በላይ የሚያወጣ ዕድል ትይዛላችሁ። 47 ጊዜ ብትሞክሩት በአማካይ አንድ ጊዜ ይሳካል። በእጅ የገባን ጥሎ ለዕድል መዘርጋት ለእኛ ትውልድ ይከብዳል፤ አውቃለሁ። በቪዲዮ ፖከር ግን እንዲህ ያለ ጊዜ እምብዛም አይመጣም።

አምስተኛዋ ሳንቲምና ላም አለኝ በሰማይ

ሮያል ፍላሽ ከአንድ እስከ አራት ሳንቲም ለመደበ ሰው በሳንቲም 250 ትከፍላለች። አምስት ለመደበ ግን በሳንቲም 800፣ በድምሩ 4,000 ትሆናለች። በ25 ሳንቲም ማሽን አራት የመደበው 250 ዶላር ሲወስድ አምስት የመደበው 1,000 ዶላር ይወስዳል። ስለዚህ ዐዋቂዎች «ወይ አምስቱን መድብ፣ ወይ ሳንቲሟን አሳንስ» ይላሉ። በ25 ሳንቲም ማሽን አንዲት ከመመደብ በ5 ሳንቲም ማሽን አምስት መመደብ፣ ሰንጠረዡ እኩል እስከሆነ ድረስ ይመረጣል። የትንሽ ሳንቲም ማሽኖች ግን ሰንጠረዣቸው ብዙ ጊዜ የከፋ ስለሆነ አሁንም መነጽር።

ሮያል ፍላሽ በአማካይ በ40,000 ጨዋታ አንዴ ነው የምትመጣው። በሰዓት 500 ብንል 80 ሰዓት ነው። በየቀኑ ሁለት ሰዓት የሚቀመጥ ሰው በአማካይ 40 ቀን ይጠብቃታል። «በአማካይ» የምትለዋን ቃል አጥብቃችሁ ያዙ፤ 40,000 ጊዜ ከተጫወቱ ሰዎች መካከል ከሦስት አንዱ በላይ አንዴም አያያትም። ያ 99.54 የተባለው መልካም ቁጥር ደግሞ ሮያሏን ጨምሮ ነው። እሷ እስክትመጣ ድረስ በዘጠኝ ስድስት ማሽን ላይ እንኳ በሰዓት 15 ዶላር ገደማ ይንጠባጠባል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

«ብዙ በልቷል፤ አሁን መክፈል አለበት» የሚለውን ወሬም እርሱት። ማሽኑ እያንዳንዱን ጨዋታ እንደ አዲስ በውዝ ይጀምረዋል። ትናንት ምን እንደበላ፣ ከእናንተ በፊት ማን እንደተነሣ አያስታውስም። ወንበር ይዞ ማደር ተራ አያስገኝም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ስልት ምን ይጠቅማል? ኪሳራን ያሳንሳል፤ ገቢ አያመጣም። ኔቫዳ ውስጥ ያለ ስህተት ለሚጫወት ሰው ከ100 ትንሽ በላይ የሚመልሱ ማሽኖች ነበሩ፤ ሁለት ቁጥሮች እንደፈለጉ የሚሆኑበት «ዲዩስስ ዋይልድ» የተባለው በሙሉ ክፍያው 100.76 ነው። ለዚያች ከመቶ አንድ ለማትሞላ ትርፍ ግን በሺህ የሚቆጠር ሰዓት መቀመጥና አለመሳሳት ያስፈልጋል። የጡረታ ዕድሜ ለዚያ አልተሰጠንም።

ከክኒኑ ሊሆን ይችላል

አሁን ስለዚህ ጉዳይ እንድጽፍ ወዳስገደደኝ ነገር ልምጣ። ልጄ ባለችበት ሰፈር አንድ የተከበሩ አባት ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ካርታ ነክተው የማያውቁ፣ ሳንቲም ቆጥረው የሚያወጡ ሰው ናቸው። ድንገት ሌሊት እየተነሡ ነዳጅ ማደያው ውስጥ ያለ ማሽን ላይ መቀመጥ ጀመሩ። አገር ቤት ለቤት ማደሻ የተጠራቀመው ስድስት ሺህ ዶላር አለቀ። ልጆቻቸው በሐፍረት ለማንም አልተናገሩም። አንዱ «አባባ ጃጁ» ይላል፤ ሌላው መንፈስ ነው ይላል። እሳቸውም ማልቀስ እንጂ ማስረዳት አልቻሉም።

እኔ የጠየቅኋቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አባባ፣ አዲስ የተጀመረላችሁ መድኃኒት አለ?» ልጃቸው ከረጢቱን አመጣች። ለእጅ መንቀጥቀጥ፣ ለፓርኪንሰን የታዘዘ ፕራሚፔክሶል ነበረበት። መጠኑ ከጨመረ ጥቂት ወራት ሆኖታል።

ይህ የተሰወረ ነገር አይደለም። የሜዮ ክሊኒክ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ለፓርኪንሰን ሕክምና እንዲህ ያለ መድኃኒት እየወሰዱ ቁማር ላይ ስለወደቁ 11 ሕመምተኞች ዘግበዋል። እነዚህ መድኃኒቶች አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር ተመስለው ይሠራሉ። ዶፓሚን ለእጅ እንቅስቃሴ ብቻ ሳይሆን ለጉጉትና ለፍላጎትም መልእክተኛ ነው። ፕራሚፔክሶልና ሮፒኒሮል ሌሊት እግር እረፍት ለሚነሣው ሰውም ይታዘዛሉ። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠውን አሪፒፕራዞልን በተመለከተም የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። የሚወስደው ሁሉ ይቆምራል ማለት አይደለም። ነገር ግን የሰው ጠባይ ድንገት ሲለወጥ ከስድብ በፊት የክኒን ከረጢቱ ይታይ።

የአባባ ሐኪም ሲነገረው መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ቀንሶ በሌላ ተካው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያ ጉጉት ጠፋ። ገንዘቡ አልተመለሰም፤ ልጆቹ ግን አባታቸው ተመለሱላቸው። አደራ፣ ይህን አንብባችሁ መድኃኒት በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። በድንገት ማቋረጥ ራሱን የቻለ ጉዳት አለው። ለሐኪሙ ንገሩ።

ያለ ክኒንም የሚይዝ

የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 የቁማር ሕመምን ከአልኮልና ከዕፅ ሱስ ጋር በአንድ ምዕራፍ መድቦታል። ከዘጠኝ ምልክቶች አራቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ከታዩ ሕመም ነው ይላል። ከምልክቶቹ ውስጥ ለቤተሰብ ቶሎ የሚታዩት እነዚህ ናቸው፤ መደብ እያሳደጉ መሄድ፣ ለማቆም ሞክሮ አለመቻል፣ ሲከለከሉ መቆጣት፣ የተበላውን ለማስመለስ በማግስቱ መሄድ፣ የት እንደዋሉ መዋሸት፣ ከሰው ገንዘብ መለመን።

ማሽን ደግሞ ፈጣን ነው። ሁለት የአሜሪካ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት፣ በማሽን የሚቆምሩ ሕመምተኞች አዘውትረው ከጀመሩ በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ሲታመሙ፣ በሌላ ዓይነት ቁማር የታመሙት ግን ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ፈጅቶባቸዋል። ናታሻ ዳው ሹል የተባለች አንትሮፖሎጂስት ላስ ቬጋስ ውስጥ ለዓመታት አጥንታ እ.ኤ.አ. በ2012 መጽሐፍ አሳትማለች። ያነጋገረቻቸው ብዙዎቹ ለማሸነፍ ሳይሆን ሁሉን ለመርሳት እንደሚጫወቱ ታስረዳለች። ጊዜው፣ ጭንቀቱ፣ ሰውነት ራሱ ይረሳል።

ይህን ሳነብ የታዩኝ ወላጆቻችን ናቸው። ልጅ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ የልጅ ልጅ ትምህርት ቤት ነው። ቋንቋ የለም፣ መኪና የለም፣ ጎረቤት በር አያንኳኳም። በእግር የሚደረስበት ሱፐርማርኬት ብቻ ነው፤ በሩ ላይ ደግሞ መብራት ያለው፣ ቋንቋ የማይጠይቅ፣ ቢመሽ የማይሰለች ማሽን ቆሟል። ልጆች ሆይ፣ እናታችሁን ከማሽን የሚያስነሣት ቁጣ አይደለም። የምትሄድበት ስጡ፤ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የሚያደርስ ሰው፣ የቡና ጓደኛ፣ በሳምንት አንድ ማኅበር።

ለቤተሰብ የሚሆን ጥቂት መላ

ካዚኖ ልጆች ጋብዘዋችሁ ብትገቡ ቢጠፋ የማይቆጭ ጥሬ ገንዘብ ብቻ ያዙ፤ የባንክ ካርድ ቤት ይቅር። በአንድ ሰዓት ውስጥ 50 ዶላር ማግኘትም ማጣትም ያለ ነገር ስለሆነ የቀኑ ውጤት አያታልላችሁ። የእጅ ሰዓት አድርጉ። ድርሻችሁ ሲያልቅ ተነሡ። ከተበደሩት፣ ከመድኃኒትና ከቤት ኪራይ ገንዘብ አንድ ሳንቲም አይነካ።

የልጅ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ማሽን አጠገብ አትቁሙ። በኔቫዳ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሰው መጫወት ቀርቶ ቁማር በሚካሄድበት ሥፍራ መቆየትም አይፈቀድለትም። ደግሞም ልጅ የሚማረው ከተነገረው ይልቅ ካየው ነው።

ነገሩ ከእጅ ከወጣ አሜሪካ ውስጥ በነፃ የሚደወልበት የእርዳታ ስልክ አለ፤ 1-800-426-2537። እንግሊዝኛ ለማይችሉ ልጅ አብሮ ይደውል። የገንዘቡን አያያዝ ለጊዜው ለሚታመን ሰው ማስረከብም ውርደት አይደለም፤ እግሩ የተሰበረ ሰው ምርኩዝ እንደሚይዝ ማለት ነው።

እዚህ አገር ቤት ያለን ደግሞ «የእኛን አይመለከትም» አንበል። በየሰፈሩ የተከፈቱት የውርርድ ቤቶችና በስልክ የሚጫወቱት ነገሮች ደጃችን ላይ ናቸው። ልጃችሁ ወይም የልጅ ልጃችሁ «እኔ ስለ ኳስ አውቃለሁ፣ ይህ ዕውቀት ነው» ቢላችሁ አትሳደቡ። ወረቀትና እስክሪብቶ አምጡና የጠብታውን ስሌት አብራችሁ ሥሩ፤ በአንድ ጊዜ ስንት ይመድባል? በሳምንት ስንት ጊዜ? ባለፈው ወር የገባው ስንት ነው፣ የወጣውስ? ቁጥሩን በገዛ እጁ ይጻፈው። ምክር በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ በራሱ እጅ የጻፈው ቁጥር ግን ሌሊት ትራሱ ላይ አብሮት ይተኛል።